የከበሮ ምትና የኮምፒዩተር ሰዓት

ሳሪስ ሁለት ሰዓቶች ያሉት ሠፈር ነው። አንደኛው የፋብሪካ ሰዓት ነው። ከመሐል አዲስ አበባ ወደ ቃሊቲና ወደ አቃቂ በሚወስደው በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ የተተከሉት ፋብሪካዎች ሠራተኛውን በፈረቃ አስገብተው በፈረቃ ሲያስወጡ ኖረዋል። አደይ አበባ የተባለው የጥጥ ፋብሪካ ስሙን ለአካባቢው ከማውረሱም በላይ፣ በ2015 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራ የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡር አንዱ ጣቢያ በዚሁ ስም ይጠራል። የመፍተያ ማሽን ምት ከጧት እስከ ማታ አንድ ነው፤ አይደክምም፣ አይሞቅም፣ አይቸኩልም።

ሁለተኛው የሳሪስ አቦ ሰዓት ነው። በክብረ በዓል ዕለት ሊቃውንቱ ለማኅሌት ሲቆሙ ዜማው በቁም ይጀመራል፤ ይኸውም ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል፣ በሰው ድምፅ ብቻ ማለት ነው። ዝማሜ ይከተላል፤ መቋሚያው ከዜማው ጋር ይወዛወዛል። ከዚያ መረግድ ነው፤ ንዑስና ዐቢይ እየተባለ የሚከፈለው ይህ ደረጃ ከበሮውንና ጸናጽሉን ያስገባል። በመጨረሻም ጽፋት ይመጣና እጅ ከከበሮው ጋር ያጨበጭባል። ያው አንድ ዜማ ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲሸጋገር ምቱ እየፈጠነ፣ የቆመውም ሕዝብ እየሞቀ ይሄዳል። ፍጥነቱን የሚወስን መዘውር የለም። መሪው የጓደኞቹን ትንፋሽ ያዳምጣል፤ ጊዜው ደርሷል ሲል ከበሮውን ጠበቅ ያደርጋል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል።

ዛሬ በየመኖሪያ ቤቱ ጓዳ ሳይቀር ገብቶ የምናገኘው የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ከእነዚህ ከሁለቱ ሰዓቶች በጠባዩ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው። በአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ስሙ የታወቀው ኩቤዝም ሆነ ኤብልተን ላይቭ አዲስ ሥራ ሲከፈትበት 120 የሚል ቁጥር ያሳያል፤ በደቂቃ 120 ምት፣ እያንዳንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ማለት ነው። ከቁጥሩ ጋር ሠንጠረዥ የመሰለ መረብ ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ ድምፅ በዚያ መረብ መስመር ላይ እንዲቀመጥ ይጠበቃል። ከሌላ ቦታ ተቀንጭቦ የመጣ ድምፅ፣ በሙያው ቋንቋ ሳምፕል የሚባለው፣ የራሱ ፍጥነት ይኖረዋልና ከመረቡ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ አንዱ ለሌላው መሸነፍ አለበት። ማን ለማን ይሸነፍ የሚለው ጥያቄ ቴክኒክ ብቻ ይመስላል። እኔ ግን የዘፈናችን የአንድ መቶ ዓመት ታሪክ ያለበት ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ዘፈናችንን በፋብሪካ ሰዓት የመለካቱ ነገር የተጀመረው ኮምፒዩተር ከመምጣቱ ብዙ ቀድሞ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውና የአዲስ አበባ ሰው «አርባ ልጆች» ያላቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች፣ በኬቮርክ ናልባንድያን መሪነት የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆኑ። የባንዱ ተግባር ሰልፍ ማድመቅ ነበር፤ ሰልፈኛ እግሩን እኩል የሚያነሣውም ምቱ እኩል ሲሆን ነው። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ሲደራጁ፣ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንድያንም በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የአገሩን ዜማ ለምዕራባውያን መሣሪያዎች ሲያቀናብር፣ ዜማው በአምስት መስመርና በቁም ሰረዝ ተከፋፍሎ ወረቀት ላይ ሰፈረ። ሆኖም ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ነበር። ዘፋኙ አንድ ቃል ላይ ቢዘገይ ከበሮ መቺው ዓይኑን ከወረቀቱ አንሥቶ ይጠብቀዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች የሚወሳ አንድ ሰው አለ። በ1944 በካይሮ ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ ወጣት ግብፃዊ ከሬዲዮ ጣቢያ የተዋሰውን የሽቦ መቅረጫ ይዞ ሴቶች ወደሚያካሂዱት የዛር ሥርዓት ገባ። ዛር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከበሮው እየተፋጠነ የሰውን ልብ እንዴት ይዞ እንደሚሄድ ያየ ያውቀዋል። ሐሊም የቀዳውን ድምፅ ወደ ጣቢያው ወስዶ እያስተጋባና ደጋግሞ እየቀዳ መነሻውን እስኪያስረሳ ድረስ ለወጠው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በፓሪስ ሬዲዮ ተመሳሳይ ሥራውን ያሰማው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነው። እንግዲህ የተቀዳ ድምፅን እንደ ጭቃ ጠፍጥፎ አዲስ ሙዚቃ መሥራትን ከጀመሩት አንዱ አፍሪካዊ ነበር። ይኸው ሰው በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ እስከ 1964 ድረስ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። የሚያስደንቀኝ፣ በእጁ የነበረውን የመቁረጥና የመቀጠል ጥበብ እዚህ አለመጠቀሙ ነው። በኋላ ተስፋዬ ለማ በመራው በዚህ ኦርኬስትራ ውስጥ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ ባለ ክራሮች፣ ባለ ማሲንቆዎችና ባለ ዋሽንቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው እርስ በርሳቸው እየተደማመጡ እንዲጫወቱ ነው ያደረገው። ምትን የማስማማቱ ሥራ ለጆሮ ተተወ ማለት ነው።

በ1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁምም ሁኔታው ይኸው ነበር። ከአለማየሁ እሸቴ ሸክላዎች አንሥቶ እስከ 1975 ድረስ በዚያ ማተሚያ ስም ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎች ወጥተዋል። ተጫዋቾቹ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ፤ በጆሯቸው ቋ ቋ እያለ ምት የሚቆጥርላቸው መሣሪያ የለም። ከእነዚህ ሸክላዎች አንዱን ዛሬ ሰዓት ይዞ ለሚለካ ሰው፣ መግቢያውና መውጫው በፍጥነት እንደሚለያዩ ይገለጥለታል። ሳክስፎኑ ሲገባ ዘፈኑ ፈጠን ይላል፤ ዘፋኙ ወደ ግጥሙ ሲመለስ ሰከን ይላል። ያንን ዘመን በጆሮው የኖረበት ሰው ለውጡን እንደ ጉድለት ቆጥሮት አያውቅም። ሲደንስበት ነበርና።

እኩል የሆነው ምት በማሽን ተወልዶ የገባው በ1980ዎቹ ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በሰዓት እላፊው ምክንያት የሌሊት ጭፈራው ዓለም ጠበበ፤ ባንዶችም በጥቂት ሆቴሎች ተወሰኑ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዋልያስ ባንድ ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሲያበቃ ከአባላቱ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አንድ ካሴት ቀዳ። በአኮርዲዮን፣ በሮድስ ፒያኖ፣ በሙግና በያማሃ ዲኤክስ 7 ላይ የተጫወተው እርሱ ራሱ ነው፤ ከኋላው የሚመታለት ደግሞ ድራም ማሽን። ይህ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያደንቀው ብዙ ሰው ስለ አኮርዲዮኑ ናፍቆት ጻፈ። እኔን የሚገርመኝ በማሽኑና በአኮርዲዮኑ መካከል ያለው ርቀት ነው። ማሽኑ እንደ ፈታይ ሳይዛነፍ ይሄዳል፤ አኮርዲዮኑ አንዳንዴ ከምቱ ኋላ ይቀራል፣ አንዳንዴ ቀድሞት ይገባል። ትዝታው የሚሰማው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ኃይሉ አኮርዲዮኑን በምቱ ላይ ቆርጦ ለማስቀመጥ ቢሻ እንኳ በዚያን ጊዜ መሣሪያው አልነበረውም። ዛሬ አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል።

እዚያ ቁልፍ ላይ ለመድረስ የሳይንሱ ዓለም ረጅም መንገድ ተጉዟል። በቴፕ ክር ዘመን ፍጥነትን መለወጥ የቃናን ከፍታ መለወጥ ነበር። ምሳሌ ልስጥ። በደቂቃ 96 የሚመታ፣ እያንዳንዱ ባር አራት ምት ያለው አራት ባር ሙዚቃ 10 ሰከንድ ይፈጃል። ያንኑ በደቂቃ 100 ከሚመታ ሥራ ጋር ለማስማማት ወደ 9.6 ሰከንድ ማሳጠር ያስፈልጋል። ክሩን በማፍጠን ከተሠራ ግን ክራሩ ከግማሽ ድምፅ ሰባት ዐሥረኛ ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ቅኝቱ በራሱ አይፈርስም፤ ከጎኑ ያለው ኪቦርድ ግን በነበረበት ይቀራልና ሁለቱ በአንድነት ሲሰሙ ጥርስ ያፋጫሉ። ጊዜን ከቃና ከፍታ የመለየቱን መንገድ በ1946 ካሳዩት አንዱ፣ በኋላ ለሌላ ግኝቱ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዴኒስ ጋቦር ነው። በ1966 የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች፣ ፍላናጋንና ጎልደን፣ ፌዝ ቮኮደር የተባለውን ስሌት አቀረቡ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የጃፓኑ አካይ ኩባንያ ችሎታውን በሳምፕለሮቹ ውስጥ አስገባ፤ ሲሳቡ የቆርቆሮ ድምፅ ያወጡ ነበር። በ1994 የስዊድኑ ፕሮፔለርሄድ ያወጣው ሪሳይክል የከበሮ ቅንጣቢን በየምቱ ቆራርጦ የሚያስቀምጥ ሆነ። በ1998 አሲድ የተባለው የአሜሪካ ፕሮግራም የገባለትን ቅንጣቢ ሁሉ ሳይጠየቅ ከሥራው ፍጥነት ጋር ማስማማት ጀመረ። በ2001 የወጣው ኤብልተን ላይቭ ደግሞ ይህንኑ ሙዚቃው እየተጫወተ ሳለ ፈጸመው።

የአሠራሩን ምሥጢር ለመረዳት ወደ አዝማሪው መሄድ ይበጃል፤ በእኛ አገር ድምፅን በጊዜ ላይ የመሳብ ጥበብ የእርሱ ነውና። አዝማሪው በየወል ቤት የተሰናኘውን፣ ስድስትና ስድስት ቀለም ያለውን ስንኝ ከማሲንቆው ዜማ ጋር ሲያስማማ አንዱን ቀለም ያስረዝማል፣ ሌላውን ይውጣል። የማይስበውን ግን ያውቃል። «ጥ»፣ «ቅ»፣ «ጭ» አይሳቡም፤ የሚሳበው ተከትሏቸው የሚመጣው አናባቢ ነው። ደህና የተሠራ ፕሮግራምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የከበሮው እጅ ቆዳውን የነካበትን ቅጽበት ሳይነካ ይተዋል፤ ተከትሎት የሚመጣውን ንዝረት በሰከንድ መቶኛ ወደሚለኩ ፍርፋሪዎች ከፋፍሎ ወይ ይደግማቸዋል ወይ ይቀንሳቸዋል። ስለዚህ ለከበሮና ለክራር መልካም አገልጋይ ነው። ጣት ጅማቱን፣ መዳፍ ቆዳውን ሲመታ ለፕሮግራሙ ምልክት ይሆነዋል።

ማሲንቆ ላይ ሲደርስ ግን ይደናገራል። በአንድ የፈረስ ጭራ ጅማት ላይ ደጋን ሲሳብ መነሻው የት እንደሆነ ጆሮም በቅጡ አይለየውም። በገና የባሰ ነው። ከዐሥሩ አውታሮች ሥር ያለው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራው፣ እያንዳንዱን ድምፅ እንደ ንብ ያስጮኸዋል፤ ፕሮግራሙም ያንን ጩኸት ምት እየመሰለው በየስፍራው ምልክት ይተክላል። በእነዚያ የሐሰት ምልክቶች ላይ ተመሥርቶ ሲስበው በገናው ይንተባተባል። እንዲህ የሚንተባተብ በገና በዘፈን መግቢያ ላይ የሰማ ሰው ጥቂት አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን በችክችካ ላይ የሚፈጸመው ነው። ችክችካ ስድስት ትናንሽ ምቶች ያሉት ዙር ነው፤ ጆሮ ሁለት ጊዜ ሦስት አድርጎም፣ ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎም ሊቆጥረው ይችላል፤ ውበቱም ሁለቱ ቆጠራዎች በአንድ ጊዜ መኖራቸው ነው። ለአራት ምት የተሰናዳው ፕሮግራም ፍጥነቱን ለክቶ ቁጥር ሲያወጣ፣ እግር የሚረግጠው በደቂቃ 90 ሆኖ ሳለ 135 ብሎ ሊያነብ ይችላል። በዚህ ንባብ አንዱ የፕሮግራሙ ባር ስምንት ትናንሽ ምት ይይዛል፤ የዘፈኑ ዙር ግን ስድስት ነው። ሁለቱ እንደገና አብረው የሚነሡት ከ24 ትናንሽ ምት በኋላ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሦስት ባር ዘፈኑ ደግሞ አራት ዙር ሲሄዱ ብቻ ነው። በመካከሉ ያለው አቀናባሪ ቅንጣቢውን በፕሮግራሙ ባር ልክ ይቆርጥና በሉፕ ያስዞረዋል። የተቆረጠው አንድ ዙር ከሢሶ ነው። እስክስታ የሚያውቅ ትከሻ እዚህ ላይ የት መውረድ እንዳለበት ይጠፋዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመጀመር በፊት የሥራውን ምት 6/8 ብሎ ማስተካከል ይበቃል። ነገር ግን ፕሮግራሙ ይህን አይጠይቅም፤ አቀናባሪው ነው ማወቅ ያለበት።

የእኛ ቅጂዎች በሌሎች እጅ መቀንጨብ ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በፈረንሳይ የታተሙት የኢትዮፒክስ ሲዲዎች አሮጌዎቹን ሸክላዎች ለዓለም አቀረቡ። በ2009 ኦ ኖ የተባለው የካሊፎርኒያ አቀናባሪ «ዶክተር ኖስ ኢትዮፒየም» በሚል ርእስ ከእነዚያ ዘመን ዘፈኖች የተቀነጨበ ሙሉ አልበም አወጣ። በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ «አዝ ዊ ኤንተር» የተባለውን ዘፈናቸውን በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ሠሩት። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ዘረፋ ብቻ ያየዋል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ፈቃዱ ተጠይቆ ክፍያው ከተከፈለ፣ የተቀነጨበውም በማስተዋል ከተመረጠ፣ ሙላቱን የማያውቀው የኒውዮርክ ልጅ የሙላቱን ስም ይጠይቃል። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ከሸክላው ሁለት ባር ሲቆረጥና ያለማቋረጥ ሲዞር፣ ተጫዋቾቹ በሦስት ደቂቃ ውስጥ አብረው የሠሩት መፍጠንና መስከን ከቅንጣቢው ውስጥ አይኖርም። ውጭ ያለ አቀናባሪ ይህን ባያጣ አይፈረድበትም፤ ሙሉውን አያውቀውምና። የአገሩ ልጅ ግን ሙሉውን ያውቀዋል።

በሳሪስ ከአንድ ግቢ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል የሚሠራ አንድ ወጣት አቀናባሪ አውቃለሁ። በእጅ ስልኩ የቀዳው የሠርግ ቅጂ ነበረው፤ ከበሮ፣ የሴቶች ጭብጨባና እልልታ ያለበት። ሲነሣ በደቂቃ 96 ይመታል፤ ሙሽራዋ ስትወጣ 112 ደርሷል። ፕሮግራሙ ሁሉንም በ104 ላይ አነጠፈው። መጀመሪያው ተቻኮለ፤ ሊፈነዳ የደረሰው መጨረሻ ተጎተተ፤ እልልታውም እንደ ፕላስቲክ ተሳበ። ሁሉም ነገር በመረቡ ላይ በትክክል ተቀምጧል። ይሁንና አብረን ያዳመጥነው ሰዎች አንዳችንም እግራችንን አላነሣንም።

ከዚህ የተሻለው መንገድ በዚያው ፕሮግራም ውስጥ አለ፤ ብዙ ሰው የማይሄድበት መዝገብ ውስጥ ስለተቀመጠ ነው የሚረሳው። ቅንጣቢውን ለሥራው ፍጥነት ከማስገዛት ይልቅ የሥራውን ፍጥነት ለቅንጣቢው ማስገዛት ይቻላል። ኩቤዝም ሆነ ላይቭ መረቡ ራሱ እንዲሳብና እንዲኮማተር፣ ፍጥነቱም በየምቱ እንዲለወጥ ይፈቅዳሉ። ሥራው አድካሚ ነው። ማሽኑ የገመተውን ምልክት አጥፍቶ፣ ቅጂውን ደጋግሞ እያዳመጡ የእያንዳንዱን ዙር መነሻ በእጅ መትከል ይጠይቃል። ማሲንቆና በገና ሲሆን ደግሞ ምልክቱን የሚተክለው ሰው ዜማውን ማወቅ አለበት። «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል ስም የሚታወቀው እንደገና ሙሉና በ2016 «ዘላለም» የተባለውን ሥራውን ያወጣው ሚካኤል ሰይፉ፣ የአገር ባህል መሣሪያንና ኤሌክትሮኒክ ድምፅን ባጋጠሙበት ሥራቸው ለዚህ ዐይነቱ አስተሳሰብ በር ከፍተዋል። እንደገና «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ የሰየመው ይህ መንገድ መሣሪያውን የሚወስደው ለጌጥ ብቻ አለመሆኑን ሥራዎቹ ያሳያሉ። ኃይሉ መርጊያም በ2018 የወጣውን «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም ሲቀዳ ከኋላው የነበረው ሰው ነው፤ ከበሮውን ቶኒ ባክ፣ ቤዙን ማይክ ማይኮቭስኪ ይዘውለት።

የሳሪሱ ወጣት የሠርጉን ቅጂ እንደገና ከፍቶ 104ን አጠፋው። ከበሮ መቺዋ እጇን ባሳረፈችበት ሁሉ ምልክት እየተከለ መላውን ቅጂ ሲጨርስ ሁለት ምሽት ፈጀበት። በስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረው የፍጥነት መስመር አሁን ከ96 ተነሥቶ፣ አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ እንደገና እስከ 112 የሚወጣ ዳገት ሆኗል። ዝቅ ያለበት ቦታ ሴቶቹ ዘፈን የለወጡበት ነው። ቤዝ ጊታሩንና ኪቦርዱን በኋላ በዚያ ዳገት ላይ አስቀመጣቸው፤ ሴቶቹ ሲወጡ እነርሱም ከኋላ ከኋላቸው ይወጣሉ።